የሦስተኛው ክዳን ቁጥር

አጎቴ ያችን የጣልያን ጭነት መኪና ለቆራሌ ሊሸጧት ቅዳሜን ቀጥረው ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና እህቶቼን ያሳደገችን እሷ ናት፤ አጎቴ እየነዷት ከደጎሎ ስንዴ እየጫነች። አሁን መካነ ሰላም ጓሯችን ቆማ ሣር በቅሎባታል። እኔ ደግሞ ከዓረብ አገር መመለሴ ነው። እዚያ የአንድ ሀብታም አሮጌ የአሜሪካ መኪኖችን ስናድስ፣ አለቃችን ቁጥሩ ከሞተሩ ጋር የማይገጥም ዕቃ ሞቶ አያስገባም ነበር። "ከቅዳሜ በፊት አስነሳታለሁ" አልኋቸው። "አብሽር፣ ሞክራ!" አሉኝ፣ ሳያምኑ።

ሞተሩን ከፈትሁት። የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ አቅፈው የሚይዙት ክዳኖች ከሞተሩ አካል ከብሎኩ ጋር ታስረው አንድ ላይ ስለሚበሱ፣ የአንዱ ሞተር ለሌላው አይሆንም፤ ለዚህ ነው ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚመታው። ሦስተኛው ላይ ያለው ግን ሌላ ቁጥር ነው። መልኩ ቁርጥ ሌሎቹን! አጥብቄ ሳስረው ግን ክራንክ ሻፍቱ አልዞር አለ።

"ገብቷል አይደል እንዴ? ምን አቃተህ?" አሉ አጎቴ።

ደሜ ፈላ። "የሰው ጥርስ ለሰው ይገጥማል?" ብዬ ጮህሁባቸው። ላሳደጉኝ ሰው! አስተግፊሩላህ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ድሮ ከላላ ከተማ አቅራቢያ መንገድ ላይ ተበላሽታባቸው እዚያው አፈር ላይ እንደፈቷት፣ አንድ ክዳን ጠፍቶ ከሌላ መኪና እንደተዋሱ፣ አላልተው አስረው ቤት ካደረሷት ወዲህም እንዳልተነሳች አስታውሰው ነገሩኝ።

ሐሙስ ከላላ ገበያ ወርጄ ከዓመታት በፊት የጠፋ ብረት ጠየቅሁ። የሳቀብኝ ብዙ ነው። አንድ በቅሎ ጫኝ ግን፣ "ብረት? እኒያ ሼኽ አይደሉ እንዴ 'የማን ነው?' እያሉ ዓመት ሙሉ ገበያውን ሲዞሩ የከረሙት!" አለኝ።

ቤታቸው ድረስ መርቶ ወሰደኝ። ሼኹ ቁርአን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው እጃቸውን አነሱ። "ምልክቱን ንገረኝ ልጄ። የጠፋ ዕቃ ምልክቱን ለማያውቅ አይሰጥም።"

ወላሂ፣ ያን አለቃዬን በልቤ መረቅሁት። ብሎኩ ላይ ያነበብሁትን ቁጥር በቃሌ አልኋቸው። ከኪታቦቹ መሐል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ፤ መነጽራቸውን አድርገው ላዩ ላይ የተመታውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያ ሰጡኝ። እንዳይዝግ ቅቤ ቀብተውታል!

ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ ሞተሩ ያጓራል። አጎቴ "ይቅርታ ወንድሜ፣ አትሸጥም" ብለው መለሱት። ግንባሬን ሳሙኝና መሪውን ጨበጡ፤ ቀጥታ ወደ ከላላ።

የሼኹን ጉልበት ልንስም ስናጎነብስ ሁለታችንንም እየጎተቱ አነሱን።

"ኧረ ተዉ! እኔን ነው የምታመሰግኑት?" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "የሰው ሐቅ ቤቴ እንዳለ ሞት እንዳይቀድመኝ ስሰጋ ነው የኖርሁት። ደህና እንቅልፍ የወሰደኝ ገና ከትናንት ወዲያ ነው።"