አሁን መጣሁ፣ አባባ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ነርስ ናት። ሥራዋን አሳምራ ታውቃለች፤ ምላሷ ግን አያርፍም። መርፌ ስትወጋ ታወራለች፣ ቁስል ስትጠርግ ታወራለች፣ ደም ሥር እየፈለገች ስለ ባሏ ማንኮራፋት ታወራለች፤ ታካሚው ሊስቅ አፉን ሲከፍት መርፌው ገብቶ ወጥቷል። እንግዲህ ዝም ያለችው ይቺ ሴት ናት። እንዴት ዝም እንዳለች ልንገራችሁ፤ እኔን ዛሬም ሳስበው ክው ያደርገኛል።

ወረርሽኙ የበረታ ሰሞን ነው። ሐኪሙም ነርሱም ጽዳቱም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነጭ ላስቲክ ስለሚለብስ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ደረቱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ስሙን ይጽፋል። እሷ የእናት የአባቷን ስም ትታ «ሬዲዮ» ብላ ጻፈችበት። ታካሚዎቹ ሳቁ፤ ያኔ ደግሞ ሳቅ ከየት ይገኛል!

ውጭ ያለው ሕዝብ አጨበጨበላቸው፣ «ጀግኖቻችን» አላቸው። በሰፈሩ ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት አከራይዋ ነበሩ። በማግስቱ እኚሁ ሰውዬ ከበሩ ራቅ ብለው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ለጊዜው ሌላ ቦታ ብታድር ምን ይመስላታል ሲሉ ጠየቋት። ጉድ እኮ ነው! እሷ ግን ስቃ አለፈችው። ትንሿን ልጇን ለባሏ አደራ ብላ፣ ልብሷን ሸክፋ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኞች የሚያድሩበት ክፍል ገባች።

በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ኦክስጅን ከሚሰጡት ጥቂት ማሽኖች አንዱ ራስጌያቸው ቆሟል፤ ከመጡበት ቀን ይልቅ ሻል ብሏቸዋል። ሐኪሙ በገባ ቁጥር ጭንብላቸውን ገለጥ አድርገው፣ ያን የተንጨባረረ ጭንቅላቱን ለግማሽ ሰዓት ቢያበድራቸው ሰው እንደሚያስመስሉት ይነግሩታል። ሬዲዮን «ልጄ» ነው የሚሏት። እሷም ተራዋ አልቆ እንኳ ሳታያቸው አትሄድም ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ገና የወለደች አንዲት ልጅ እግር መጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትንፋሿ አልያዝ ብሏል። ትርፍ ማሽን የለም። ሐኪሙ ዓይኑ ደም መስሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያ ማሽኑን ከአዛውንቱ አንሥታ ለልጅቷ እንድትሰጥ ሬዲዮን አዘዛት። ሻል ብሏቸዋል፣ ሌላ እስኪገኝ ይችሉታል፣ አለ። እሱም አላመነውም፣ እሷም አላመነችውም። ግን ምን ብላ ትከራከር? ሕፃኑ ቤት ነው ያለው፣ ጡት ይፈልጋል።

ወደ አዛውንቱ ክፍል ስትገባ እውነቱን ልትነግራቸው ነበር ያሰበችው። ፈገግ ሲሉላት አፏ ሌላ ተናገረ።

«ማሽኑን አጽድቼው ልምጣ። አሁን መጣሁ፣ አባባ።»

እሺ ልጄ አሏት፤ ማሰሪያውን እንድትፈታው ደግሞ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉላት። አያችሁ፣ ሲወስዱባቸው እንኳ አገዟት።

ልጅ እግሯ እናት ተረፈች። ሬዲዮ ግን ወደዚያች ክፍል አልተመለሰችም። ሥራ በዝቶባት ነው ብል ዋሸሁ። ሥራውስ በዝቶ ነበር፤ ነገር ግን የዋለችው እዚያው ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ነው። ማሽን ሳትይዝ በምን ዓይኗ ታያቸው? ሌላ ሲገኝ ይዤ እገባለሁ እያለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ አንገቷን ወዲያ አዙራ አለፈች። ተመልሳም እንዲሁ አለፈች። ወደ አመሻሹ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ የመጨረሻው ክፍል ሰውዬ ማረፋቸውን ነገረቻት። ዓይናቸው በሩ ላይ እንደተተከለ ነው ያገኘኋቸው አለቻት።

ሬዲዮ ክው አለች። ለቅሶ እንኳ አልመጣላትም። የያዘችውን ትሪ እንደያዘች፣ ሌላ ነርስ መጥታ ከእጇ እስክትቀበላት ድረስ መሐል ኮሪደር ላይ ቆማ ቀረች። ሐኪሙ በኋላ ጠርቶ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግነው አላት። ትክክል! ትክክል የተባለው እንዲህ ጉሮሮ ላይ ከቆመ፣ ስህተቱ ምን ሊሆን ነው?

ወረርሽኙ አለፈ፤ ላስቲኩም ወለቀ፣ ጭብጨባውም አበቃ። ያቺ እናት ልጇን አዝላ መጥታ ጉንጯን ስማት ስማት አልጠግብ አለች፣ ሕፃኑንም አስታቀፈቻት። ሬዲዮ አቀፈችው፤ ደስ እንዲላት ሞከረች፤ ግን ቶሎ መለሰችው። ቤቷ ተመልሳም እንደ ድሮው አላወራ አለች። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ቀልድ ያውቃል። ሬዲዮናችን ምን ነካው፣ ባትሪው አለቀ እንዴ፣ ብሎ ቀለደ። ፊቷን ሲያይ ሁለተኛ አልደገመውም። አንድ ጠዋት ሱቅ ደርሶ ሊመለስ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው «አሁን መጣሁ» ቢላት የያዘችው ሳህን ወድቆ ተሰበረ። እንደዚያ አትበለኝ ብላ ጮኸችበት፤ ትንሿ ልጃቸው ደንግጣ ከአልጋ ሥር ገባች። ምክንያቱን አልነገረችውም። ምን ብላ ትንገረው? የወሰደችው ታዝዛ ነው፣ በዚያም የተረፈ ሰው አለ። በዚያ በር አንገቷን አዙራ ስታልፍ ግን ማንም አላዘዛትም፤ እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው።

ሆስፒታሉም ድካሟን አይቶ የደም ግፊት ወደሚለካበት ክፍል አዛወራት። አንድ ረፋድ ላይ ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ የሸበተ እናት ገብተው ተቀመጡና ክንዳቸውን ዘረጉላት። መለኪያውን ጠቅልላ መንፋት ስትጀምር፣ ሬዲዮ የሚሏት እሷ እንደሆነች ጠየቋት። አዎ አለቻቸው። የፀጉር አስተካካዩ ባለቤት ነኝ አሏት።

መንፋቱን አቆመች። እኚህ ሴት ያኔ ከግቢው በር እንዲያልፉ አልተፈቀደላቸውም፤ ባላቸውን በስልክ ብቻ ነው የተሰናበቱት። ልወቅስሽ አልመጣሁም፣ አትደንግጪ አሏት። ባላቸው በዚያች ዕለት ትንፋሽ እያጠራቸው ደውለውላቸው ነበር።

«ማሽኑን ለሌላ ሰው እንደወሰድሽው ገብቶታል። እንዳልደነግጥ ብላ ነው የዋሸችኝ፣ እኔም ያመንኳት መሰልኩ አለኝ። ማሽኑንማ አልጠበቀም፣ ልጄ። ግን እመጣለሁ ብላኛለች፣ እሷ ትመጣለች አለኝ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።»

ለካስ ሬዲዮ ባዶ እጇን ብትገባ ይበቃ ኖሯል። ወንበር ስባ ብትቀመጥ፣ እጃቸውን ብትይዝ፣ ስለ ባሏ ማንኮራፋት ብታወራላቸው ይበቃ ኖሯል። እሷ ግን ማሽን ስትጠብቅ ዋለች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ ሴትየዋ። «ተመልሰሽ ገባሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። በዚያ ሰሞን በስልክ ስንቱን ቤተሰብ ዋሽታ አረጋግታለች! አንድ ጊዜ አዎ ብትል መርቀዋት ይሄዱ ነበር። ለባልየው የዋሸችው ገና ከጉሮሮዋ አልወረደም፣ ሌላ ከየት ይምጣ?

«አልገባሁም፣ እማማ። በበሩ አልፌያለሁ። ግን አልገባሁም።»

አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። መለኪያው ክንዳቸው ላይ እንደታሰረ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል።

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ ድረስ አጠገቡ ነበረች እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ» አሉ። «ዛሬስ ምን ብዬ ልተኛ?»

የምራቸውን ነበር የሚጠይቋት። ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጉ፣ መልሷን እየጠበቁ ቁጭ አሉ።