ድሩቫ የሚለው ስም

የልጅ ልጄ ድሩቫ ይባላል። መጀመሪያ ስሰማው ፊቴ ጠቆረ። አያት ነኝና ስም ይጠይቁኛል ብዬ አንድ ደህና ስም መርጬ እጠብቅ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም። አማቼ የሕንድ ሰው ነው። ልጄም ብትሆን ከአብራኬ የተከፈለች አይደለችም፤ እናቷን ሳገባ ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር። ስለዚህ ቅሬታዬን ዋጥ አደረግኩት።

በእኛ ደንብ የአባት ስም ሆኖ የሚከተላት የወላጅ አባቷ ስም ነው። አሜሪካኖቹ ግን የቤተሰብ ስም ይመስላቸዋል። ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም አብሬያት ስሄድ «ሚስተር» ብለው የሚጠሩኝ በዚያ አይቼው በማላውቀው ሰው ስም ነበር። አቤት እላለሁ፤ ምን ላድርግ? ከመልመዴ ብዛት አንዳንዴ እሱን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦሮራ ከተማ፣ ልጄ ቤት ሶፋ ላይ ጋደም ብያለሁ። ውጭ በረዶው ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ሳሎኑ ነጭ ብርሃን ሞልቶታል። የአማቼ እናት ሕፃኑን ታቅፈው በእንግሊዝኛ የስሙን ታሪክ ይነግሩኛል። ግማሹን በእንቅልፍ ልቤ ነው የሰማሁት።

ድሩቫ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የማይነቃነቅ ማለት ነው አሉኝ። የታሪኩ ድሩቫ የንጉሥ ልጅ ነበር። ወንድሙ አባታቸው ጭን ላይ ተቀምጦ ሲያይ እሱም ልውጣ አለ፤ እንጀራ እናቱ ከለከለችው፣ ንጉሡም ዝም አለ። ልጁ እያለቀሰ ጫካ ገባ። ማንም የማያስነሳውን ቦታ እስኪሰጠው ድረስ አምላኩን ለመነ፤ የሰሜን ኮከብም ሆነ። ሌሎቹ ሲዞሩ እሱ ካለበት አይነቃነቅም።

«በእኛ አገር ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚያሳያት እሱን ነው» አሉኝ። «እንደሱ ጽኑ ለማለት ነው።»

እንቅልፌ ጥሎኝ ጠፋ። የልጄ ታናሽ ወንድም፣ ከአብራኬ የተከፈለው፣ ሲወለድ ጭኔ ላይ አልነበር የከረመው? እሷ በር ላይ ቆማ ስታየን ፊቴ ላይ ድቅን አለች። የሆነ ነገር ይሁን ሕልም፣ እስካሁን አላውቅም። ስሙን ያወጣችው እኔን ልትወቅስ ብላ ይሆን?

ልጄ በመኪናዋ ወደ ቤቴ ስትሸኘኝ ሃቫና ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ያዘን። የሱቆቹ ብርሃን እርጥቡ መስኮት ላይ ይፈሳል።

«ከጭኔ አስነስቼሽ አውቃለሁ?» አልኳት።

«ምን ማለትህ ነው አባዬ?»

«የስሙን ታሪክ ሰማሁ።»

መብራቱ ለቀቀን። መልሷን ፈራሁት።

«የጭኑን ነገር አስቤውም አላውቅ። እኔ ኮከቡን ነው ላይክ ያደረግኩት» አለች። «ከስኩል ስወጣ በትሬን ዳውንታውን እመጣ የለ? አንተ ፓርኪንጉ ጋ፣ እዚያች ቲኬት የምትቆርጥባት ቡዝ ውስጥ ነህ። ስኖው ቢሆን፣ ሆሊዴይ ቢሆን፣ አለህ። አንድም ቀን መጥቼ አጥቼህ አላውቅም። ባሌ የስሙን ሚኒንግ ሲነግረኝ፣ ይሄማ አባዬ ነው አልኩት።»

ቤቴ ደጃፍ ካቆመች በኋላም ቶሎ አልወረድኩም።