እትዬ አፍንጫ የጠረጠሩት ኮት

የልብስ ማጠቢያ ቤታችንን ባለቤት ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «እትዬ አፍንጫ» እንላቸዋለን። ልብስ ሳያሸቱ ውሃ አያስነኩም። ኮሌታውንና ብብቱን አሽትተው «ይሄ በቀዝቃዛ፣ ይሄ ለብቻው» ይላሉ። ደንበኛው ትናንት የት እንዳመሸ ሁሉ ይደርሱበታል፤ ደግነቱ ለሚስቱ አይነግሩም። አንድ ልጃቸውንም ሱቁን እንድትረከብ ይህንኑ አስተምረዋታል።

ልጅቷን ሊያገባ ያሰበው ኤሌክትሪሺያን ኮቱን ለእጥበት አመጣ። ኪሱን ሲፈትሹ ትንሽ ጠርሙስ አገኙ። «ፌሮሞን፦ ሳታውቀው ትወድሃለች» ይላል። ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ልጄን በአፍዝ አደንግዝ ነዋ የያዛት!»

ጎረቤታችንን ፋርማሲስቷን ጠየቋት። «ተቃራኒ ፆታን የሚስብ ጠረን ነው፤ በእንስሳት የታወቀ ነው፤ በሰው ላይ ይሠራል የሚሉ አሉ፣ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም» አለቻቸው። እትዬ የሰሙት «ይሠራል» የምትለዋን ብቻ ነው። እኔም ላርማቸው ሲገባኝ ካውያዬን መግፋቴን ቀጠልኩ። ያ ልጅ ሳቅ ያበዛል፤ ሳቅ የሚያበዛ ሰው አይጥመኝም።

ክዳኑ አሻፈረኝ ቢላቸው በጥርሳቸው ከፍተው ጠርሙሱን ደፉት። ኮቱንም ጠረኑ እስኪጠፋ በሙቅ ውሃ ደጋግመው አሹት። ልጃቸው ያኔ ዓይኗ ይገለጣል ብለው ነው።

ልጁ መጥቶ ኮቱን ለበሰ። እጅጌው ከማጠሩ የተነሣ ክንዱ ወጥቶ ቀረ። ልጅቷ ግን እንደ ወትሮዋ ትከሻው ላይ ተለጥፋ ትስቃለች። እትዬ ባሰባቸው።

«ሌላ ጠርሙስ አለው! ተቀብቶ ነው የመጣው! አይሸትሽም እንዴ?»

ልጅቷ ሳቋን አቆመች።

«እማ፣ ያኔ ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም።»

«አብረሽኝ ስታሸቺ የምትውይው?»

«አንቺን እያየሁ ነው የማስመስለው። በእኔ ላይ የጣልሽውን ተስፋ እያወቅኩ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ጠርሙሱን የሥራ ጓደኞቼ ሊያላግጡብኝ ነው የሰጡኝ» አለ ልጁ፣ አንገቱን ደፍቶ። «እንደማይሸታት እያወቅኩ ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ?»

«አንተ ታውቃለህ?»

ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ። ከልጃቸው ጋር አንድ ቤት እያደሩ፣ አንድ ልብስ አብረው እያሸተቱ፣ እሱ የሚያውቀውን እሳቸው አላወቁም። አንጀቴን በሉት። የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ «እሱን ታምኚዋለሽ፤ እኔን ግን ፈራሽኝ» አሏት፤ እንባቸውም መጣ።