ከፈር የወጡ ቃላት

በዛች በአሥራ አራት ዓመቷ እርፍ ጨበጠች። አባቷ ከገደል ወድቆ ወገቡን ተሰብሮ ተኝቷል፤ ወንድም የላትም፤ የአቀስታ ደጋ ዝናብ ደግሞ ያልታረሰ አለ ብሎ ማንንም አይጠብቅም። ጎረቤቶች በየማሳቸው ተወጥረዋል። ስለዚህ አንድ ማለዳ ሁለቱን በሬዎች ጠመደችና ወረደች።

በእኛ አገር ሴት ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። ለምን ተብሎም ተጠይቆ አያውቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት ሴትዮ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብለው፣ «ወገቡን የታመመው አባትየው ነው ሲሉ ሰምቼ፤ ለካ ልጅቷም ጭንቅላቷን ታማ ኖሯል!» አሉ።

«ይተዉአት፣ ፈር ለቃለች» አለ ሌላው።

ቤት ገብታ ለአባቷ ስትነግረው ከመደቡ ሳይነሳ ሳቀ። «ገብስ ማን አረሰኝ ብሎ አይጠይቅም» አላት። «አንቺ ብቻ ፈሩን ቀጥ አድርጊው።»

ይህን የሰማሁት ከራሷ ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስታስተምረን። ያኔ ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ነበር የምታስተምረው።

ደሴ ኮሌጅ ሳለች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገኘች። ከእያንዳንዱ ቃል ትርጉም ሥር፣ ጤፍ በሚያካክሉ ፊደላት፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ተጽፏል። ማንም የማያነበው ቦታ ነው። እሷ አነበበችው። አንድ ቀን ‹ዲሊሪየም› የሚለው ላይ ደረሰች፤ ትኩሳት የበረታበት ሰው ሲቃዥ፣ አእምሮውን ሲስት የሚባልለት ቃል ነው። ከሥሩ ያለው የላቲን ትርጉም «ከፈር መውጣት» ይላል። ደግማ አነበበችው። የጥንት የሮማ ገበሬ በሬው ከመስመር ሲወጣበት ያየውን ነገር ያበደ ሰው ላይም አይቶታል ማለት ነው። ያ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስድብ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ተቀምጧል! በሳቅ ፈነዳች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ተቆጥታ አስወጣቻት።

«እየሳቅሁ ወጣሁ፤ በነጋታው እየሳቅሁ ተመለስሁ» ትለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ቃል ስታስተምር ከሥሩ ነው። ሰው የማይደፍራቸውን ረጃጅም ቃላት ትመርጥና ላቲናቸውን ፈልፍላ ታወጣለች። ውስጣቸው ሁልጊዜ የምናውቀው ነገር ይገኛል፤ በሬ፣ በግ፣ ተረከዝ። ‹ሪካልሲትራንት› ብላ የጻፈችበት ቀን ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ።

«እምቢተኛ፣ አልታዘዝም ባይ ማለት ነው» አለች። «ላቲኑ ግን በተረከዝ መልሶ መራገጥ ይላል። ከእናንተ መሃል በቅሎ የረገጠችው አለ?»

ከኋላ የሚቀመጠው ሁዜይፋ፣ የክፍላችን ቀልደኛ፣ ብድግ ብሎ ሱሪውን ሰበሰበና የጉልበቱን ጠባሳ አሳየ። «ወላሂ ቲቸር፣ ቃሉ እዚህ ተጽፎልኛል!»

«በል አጠገብህ ያሉት ከጉልበትህ ይገልብጡ» አለችው።

ያን ቃል እስከ ዛሬ የረሳ የክፍላችን ልጅ አላውቅም።

የእንግሊዝኛ ክፍል ተጠሪው ወንድዬ ግን ይህን አልወደደውም። ወንድዬ ወጣት ነው፤ ክፉም አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ባለፈው ዓመት ብሔራዊ ፈተናውን ያለፉት ልጆች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ዘንድሮ ወረዳው መልስ ይፈልጋል። አንድ ቀን የቤት ሥራችንን ደብተር ሰብስቤ ወደ መምህራን ክፍል ስወስድ ሲነጋገሩ ደረስሁ። ማቋረጥ አፍሬ በሩ ላይ ቆምሁ።

«እትዬ በዛች፣ ፈተናው ላይ ላቲን አይመጣም» ይላታል። «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ምርጫ ይለማመዱ።»

«ሦስቱን ሳያውቁ አራተኛውን ቢያጠቁሩ ምኑን መረጡት?»

«ጊዜያቸውን እያባከኑባቸው እኮ ነው! ይኼ ኢግሪጂየስ ጥፋት ነው!»

ቃሉን እኛም እናውቃለን፤ እንግሊዝኛው ዓይን ላወጣ ጥፋት ይለዋል። በዛች ፈገግ አለች።

«አመሰግናለሁ፣ ወንድዬ።»

«ለምኑ?»

«ላቲኑ ከመንጋው የወጣ ማለት ነው። ሮማውያን ሲያሞግሱ ነበር የሚሉት። በኋላ ነው እንግሊዞች ወደ ስድብ ያወረዱት። እኔ በድሮው ተቀብዬዋለሁ።»

ወንድዬ አልሳቀም። «እንግዲያው ይስሙኝ። ሐሙስ ከወረዳ መጥተው ክፍልዎን ያያሉ። የምርጫ ጥያቄ ወርክሺቱን ይዘው ካላስተማሩ አሥራ ሁለተኛን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። በዛች አልወለደችም። በየዓመቱ የምትሸኛቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው ልጆቿ፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ወንድዬም ያውቃል።

ሐሙስ ወርክሺቱን ይዛ ገባች። ወንድዬና ምህረት የምትባል የወረዳ ባለሙያ ከኋላ ተቀመጡ። ደስ ብሎኝ ተነፈስሁ፤ ከእኛ ጋር ልትቆይ ነው ብዬ። አንደኛው ጥያቄ የ‹ፕሪቫሪኬት›ን ትርጉም ምረጡ ይላል።

«ቢ» አለች ሁዳ ከፊት ወንበር።

«ለምን ቢ?»

ሁዳ ወርክሺቱን አገላብጣ አየችው። «የቀሩት… አልመሰሉኝማ።»

በዛች ጠመኔውን አስቀመጠች። መስኮቱን አየች፤ ወንድዬን አየች። ከዚያ፣ «ተነሱ» አለችን።

ከክፍላችን ጀርባ አጥሩ ክፍተት አለው። ከአጥሩ ማዶ ትምህርት ቤቱ ለገቢ የሚያሳርሰው መሬት ነው፤ የሚያርሱት አያ ይሄነው ናቸው። ያ ሁሉ ተማሪ በክፍተቱ ሲግተለተል በሬዎቻቸውን አቆሙ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ይሄነው? አንድ ፈር ያበድሩኝ።»

«ለማን?»

«ለኔ።»

«ያረቢ!» አሉ አያ ይሄነው፤ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ወሎ ሲደነግጥ እንደዚያ ነው። «እት በዛች፣ ሴት እርፍ ከያዘች መሬት ይከፋዋል ይባላል።»

«የአባቴን መሬት አርሼዋለሁ፤ ሲከፋው አላየሁም።»

«በሬዎቼ የሴት ድምፅ አያውቁም።»

«እርስዎስ ቤት ሲገቡ የሚታዘዙት ለማን ድምፅ ነው?»

ተማሪው ሳቀ፤ አያ ይሄነውም ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። ያኔ ወንድዬ በክፍተቱ ወጣ። «እትዬ በዛች፣ ይመለሱ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እባክዎን። ያልሁትን አደርገዋለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችውና ጫማዋን አውልቃ እርፉን ጨበጠች።

የመጀመሪያው ፈር ቀጥ ብሎ ሄደ። ጫፍ ላይ ስትደርስ በሬዎቹን መለሰች፤ ሲመለሱ እርፉን ሆን ብላ ወደ ጎን ለቀቅ አደረገችው፤ ፈሩ እንደ እባብ ተጣመመ። አያ ይሄነው ራሳቸውን ያዙ።

«ፕሪቫሪኬት ይኸውላችሁ!» አለች እያለከለከች። «ላቲኑ አራሹ ሲወላገድ፣ ፈሩ ሲጣመም ነው። ከዚያ ቃሉ ከማሳ ወጥቶ ችሎት ገባ፤ ጠበቃ ከባላጋራው ጋር በድብቅ ተስማምቶ ነገሩን ሲያጣምም። ዛሬ እንግሊዝኛው እውነቱን ላለመናገር ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደውን ሰው ይገልጽበታል። ሁዳ፣ መልሱ የቱ ነው?»

«ቢ!»

«ለምን ቢ?»

ሁዳ ጠማማውን ፈር በጣቷ አሳየች። «ይኸው!»

ምህረት በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ ለምን እንዳነሳች አልገባንም። ሰኞ ሌላ አስተማሪ ገባልን። በዛች ዘጠነኛ ክፍል ተመደበች፤ በአጥሩ ክፍተት ላይ እሾኻማ ሽቦ ተወጠረ። ወንድዬ ይቅርታ ከጠየቀች አሥራ ሁለተኛን እንደሚመልስላት ነገራት አሉ። «ለየትኛው ፈር?» አለችው አሉ። «ለቀጥታው ወይስ ለጠማማው?»

እኛ ክፍል አንገባም ብለን በረንዳ ላይ ቆምን፤ አስተባባሪው ሁዜይፋ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን እንደወትሮው ነው።

«ግቡ። በቅሎ ስትራገጥ የያዛትን ነው እንጂ የምትበላውን ገለባ አይደለም።»

ገባን። ፈተናውን አንዳንዶቻችን አለፍን፤ ብዙዎቻችን ወደቅን። እሷ ብታስተምረን ኖሮ ይለወጥ ነበር ብዬ አልምልም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግጥም አጠናሁ። አንድ መምህር፣ እንግሊዝኛው ስንኝን የሚጠራበት ‹ቨርስ› የሚለው ቃል በላቲን መዞር እንደሆነ፣ አራሽ ጫፍ ደርሶ በሬውን መልሶ የሚያወጣው ፈርም በዚሁ ስም ይጠራ እንደነበር ነገረን። ክፍሉ ዝም ብሎ ጻፈ። እኔ ወጥቼ ደወልሁላት።

«ታዲያ አንቺ በሬ መላሽ ሆነሽ ልትመረቂ ነው በይኛ!» አለችኝ፤ ሳቋ ስልኩን ሞላው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ለእረፍት አገሬ ገባሁ። ላያት ወደ ትምህርት ቤቱ ስወጣ ከሩቅ ሰልፍ አየሁ። በዛች ዘጠነኛ ክፍልን በሙሉ አስከትላ በዋናው በር ትወጣለች፤ በሽቦው ማለፍ ስለማይቻል ግቢውን ዞራ፣ በወንድዬ ቢሮ መስኮት ፊት ለፊት፣ ቀስ ብላ። ወንድዬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ነበር። አልጠራትም። እሷም አልተሸሸገችም።

አያ ይሄነው ማሳው ዳር በሬዎቻቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። «እት በዛች፣ ዘገያችሁ!» አሉ። «እነዚህ እንደሆኑ የሴት ድምፅ ለምደዋል፤ እኔን እንቢ ብለውኛል።»

«ማን ትይዛለች?» አለች በዛች ወደ ተማሪዎቿ ዞራ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተገፋፉ። አንደኛው ልጅ፣ «ይብላኝ ለበሬዎቹ!» ብሎ ወንዶቹን አሳቃቸው። ያን ሲል መቅደላዊት የምትባል ቀጭን ልጅ ደብተሯን ለቀለደው ልጅ አስይዛ ወጣች። እርፉን ያዘች። በሬዎቹ ተነቃነቁ፤ እሷም ከኋላ ተጎተተች፤ ፈሩ ወዲያና ወዲህ ተወላገደ። ጫፍ ላይ ደርሳ ዞራ አየችውና ፊቷ በእፍረት ቀላ።

«ቲቸር፣ ፕሪቫሪኬት አደረግሁት!»

«አየሁት» አለች በዛች። «መልሺያቸውና ድገሚ።»