የአጎቴ በሬና የዓለም ገበያ

ወልድያ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ወልድያ መናኸሪያ የደረስኩት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ወደ መርሳ የጠሩኝ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ ናቸው። ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ የሐብሩ ቀበሌ ጤፍና ማሾ ያርሳሉ። ሐሙስ ዕለት ስልክ ደውለው፣ «አንተ ኢኮኖሚክስ ታስተምር የለም? ማዳበሪያ ልገዛበት በሬዬን ገበያ ላወጣ ነው። ከመሸጤ በፊት ና፤ ማዳበሪያው ይረክስ እንደሆነ ንገረኝ» አሉኝ። ያላቸው በሬ አንድ ብቻ ነው።

ነገሩ የከበደኝ በመቀናጆ እንደሚያርሱ ስለማውቅ ነው። በመቀናጆ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው የሁለቱንም ማሳ በየተራ ያርሳሉ። የአጎቴ በሬ ቦራ የሚጠመደው ከጎረቤታቸው ከጋሽ ታደሰ በሬ ከዳልቻ ጋር ነው። አንዱ በሬውን ከሸጠ የሁለት ቤት እርሻ ይቆማል።

ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ መቶ ሃያ ብር ጠየቀን። ባለፈው ጊዜ በመቶ ነበር የሄድኩት።

«ናፍጣ ጨምሯል» አለ።

ከኋላዬ የተቀመጡ ሽንኩርት ነጋዴ፣ «ሲጨምር ቶሎ ትሰማለህ፤ ሲቀንስ ነው ጆሮህ የሚደፈን!» አሉት። ሳቅን፤ ከፈልንም።

በመንገድ ላይ

በሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ስናልፍ የሙከራ ማሳዎቹ በሥርዓት ተከፋፍለው፣ ለስልሰው ዘር ይጠብቃሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የገበሬው ማሳ ገና ግማሹ ነው የታረሰው። ምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ደመና ተቀምጧል። እኔ ለአጎቴ የምነግራቸውን በልቤ እደረድር ነበር።

ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ በሚወጣበት አካባቢ ጦርነት ሲነሳ ወይም ማዕቀብ ሲጣል ጋዙ ይወደዳል፤ ማዳበሪያውም ይከተለዋል። አንድ ትልቅ አምራች አገር የራሱ ገበሬ እንዳይጎዳበት ወደ ውጭ መሸጥ ሲከለክል፣ ሌላው ዓለም በተረፈው ላይ ይሻማል። መርከቦች አደገኛ ባሕር ሸሽተው ዙሪያውን ሲሄዱ የጭነቱና የመድኑ ዋጋ ይጨምራል። ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከፍ ሲያደርግ የዓለም ባለሀብት ገንዘቡን ወደ ዶላር ስለሚያዞር ዶላር ይጠነክራል። እኛም ጋ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለአንድ ዶላር የምንሰጠው ብር በዝቷል። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ አስረዳለሁ።

መርሳ፣ የከብት ገበያ

አጎቴና ጋሽ ታደሰ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ሁለቱም በሬዎች አብረው ነበሩ።

«ዳልቻንም ሊሸጡት ነው እንዴ?» አልኩ ደንግጬ።

«የለም» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ቦራ ብቻውን ከደጅ አልወጣም አለ። አጎትህን በሬው እንኳ አላመነውም።»

«አቦ ተወና! ያንተው በሬ ነው ያስለመደብኝ» አሉ አጎቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እነዚያ የሚዋጉት አገሮች ሊታረቁ ነው ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። ታዲያ ማዳበሪያው እስኪረክስ ብጠብቅስ?»

«የዓለም ገበያ የመሪዎችን ንግግር ሰምቶ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። እዚህ መጋዘን የገባው ማዳበሪያ ግን ከወራት በፊት የተገዛ ነው። ዛሬ ቢታረቁም ለዘንድሮ ዘር አይደርስልዎትም።»

«ለከርሞስ?»

«የከርሞውን አላውቅም።»

ጋሽ ታደሰ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ?»

«ከእኔ የበለጡትም አያውቁም፣ ጋሼ። ገበያው የሚነቃነቀው ገና ባልሆነ ነገር ነው። ጦርነት ይመጣል ብሎ የፈራ ሰው ዛሬውኑ ይገዛል፤ ጦርነቱ ሳይመጣ ዋጋው ይወጣል።»

«ዝናብ ይቀራል ሲባል ማሽላ እንደሚደበቀው ነዋ» አሉ አጎቴ።

ይህን ስንነጋገር አይሱዙ ያቆመ ወጣት ነጋዴ መጣ። የቦራን ሻኛ ጨበጥ አድርጎ፣ ገመዱን ያዘና፣ «ዘጠና ሺህ» አለ። አጎቴ ነጋዴውን ቀና ብለው አዩት። ባለፈው ዓመት ይህን የሚያህል ዋጋ አልሰሙም።

ነጋዴውን ለምን እንዲህ እንደተወደደ ጠየቅሁት። «ሥጋ ወደ ውጭ የሚልኩት ይሻሙብናል። እነሱ በዶላር ነው የሚሸጡት» አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። «አጎቴ፣ ማዳበሪያውን ያስወደደው ዶላር በሬውንም አስወድዶታል። ዛሬ ሲቀበሉት ብዙ ነው። ከመኸር በኋላ ልተካ ሲሉ ግን በዚህ ገንዘብ በሬ ላያገኙ ይችላሉ።»

«መምህር፣ ገበያዬን አትረብሽ!» አለ ነጋዴው።

አጎቴ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

«በሬው ያንተ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ጋሽ ታደሰ የዳልቻን አንገት መታ መታ አደረጉ። «ለልብስ መግዣ ያልነው ማሾ አለ። የእኔንም ያንተንም ሸጠን ለግማሽ ግማሽ ማሳ የሚሆን እንግዛ። ቀሪውን በፍግ እንዘራዋለን።»

«ምርቱ ይቀንሳል።»

«ይቀንሳል።»

አጎቴ ገመዱን ከነጋዴው እጅ ወሰዱ። «አብሽር ልጄ፣ ሌላ ይስጥህ» አሉት።

ሐብሩ፣ ከሰዓት በኋላ

በሬዎቹን አስከትለን ወደ ማሳው ወጣን። አጎቴ ማዳበሪያ የሚያገኘውንና የማያገኘውን ለመለየት ድንጋይ በመስመር ደረደሩ፤ እኔም አቀበልኳቸው። የላይኛው ወገን ቀላ ያለና ስስ አፈር ነው፤ ፍግ ብቻ የሚደርሰው እሱ ነው። ድንጋይ ባቀበልኩ ቁጥር፣ ያስቀረሁባቸው ዘጠና ሺህ ብር ይከብደኝ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ በዚያ መሬት ላይ የሚታየው የእነሱ እህል መሳሳት ነው፤ የእኔ ደመወዝ እንደሆነ አይነካም።

መልስ

ማምሻውን ወልድያ ገባሁ። ከመንገዱ የተማርኩት፣ ስለ ገበያ ያስተማርኩት ነገር ስህተት መሆኑን አይደለም፤ ትክክል ነው። ግን ተማሪ ቢሳሳት ነጥብ ነው የሚቀነስበት። የእኔን ቃል ይዞ የሚያርስ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ የማውቀውን ስናገር የማላውቀውንም አብሬ እናገራለሁ።

ሰኞ ጠዋት አጎቴ ደወሉ። ሌሊቱን ዘንቧል፤ በሬዎቹ ተጠምደዋል። ጋሽ ታደሰ ስልኩን ተቀበሏቸው።

«መምህር፣ ለመኸር ትመጣለህ። ካማረ አብረን እንበላለን፤ ካላማረም አንተ ነህ የምታጭደው።»

«እመጣለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።