ራሴን ውጭ የቆለፍኩበት ዳሽቦርድ

ከድሬዳዋ የወጣሁ ሌሊት ከጥድፊያዬ ብዛት የቤታችንን ቁልፍ በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ያወቅሁት ጅግጅጋን ካለፍን በኋላ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ለቁልፍ ብሎ አይመለስ!

ቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ የሶማሌላንዱ ፖሊስ በተሰባበረ አማርኛ ያዘኝ።

«ማነህ?»

«ገጣሚ ነኝ።»

«ገጣሚ እኛም ሞልቶናል። ሌላስ ምን ትችላለህ?»

«ኮምፒውተር።»

«እሱን አስቀድመህ አትናገርም?» ብሎ አሳለፈኝ።

ሀርጌሳ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የሲሚንቶ አቧራ ነው። ጥይት የበሳው ግድግዳ አጠገብ የመስታወት ፎቅ ይወጣል። «ጅግጅጋ ያር» የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራየሁ። እዚህ ሩዝ በሙዝ ይበላል ስላችሁ አትሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር፣ አሁን ሙዙ ከቀረ ቅር ይለኛል። ንፋሱ ግን የድሬን ወበቅ ያስናፍቃል፤ በሐምሌ ጃኬት!

ሥራ የሰጡኝ አደር ጃማ ናቸው፤ «አደር» አጎቴ እንደማለት ነው። ድሬ ያደጉ የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ስለሆኑ ሲቆጡ በአማርኛ ነው። መጋዘኑንና መኪኖቹን በኮምፒውተር የሚያሳይ ዳሽቦርድ ነበራቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ ግን በአንድ ፓስወርድ፣ በግመላቸው ስም፣ ይገባል። ሾፌር ሳይቀር ዋጋ ይቀይራል።

«ለእያንዳንዱ የራሱን በር ሥራለት» አሉኝ። «እስከ አሱር፣ እስከ ከሰዓቱ ሶላት ከጨረስክ ሥራው ያንተ ነው፤ ለመኖሪያ ፈቃድህም እኔ ዋስ እሆናለሁ። ካልጨረስክ የውጫሌን መንገድ ታውቀዋለህ።»

ወላሂ እየዘፈንኩ ሠራሁት! የመጋዘን ኃላፊዋ ሆዳን መጋዘኑን ብቻ እንድታይ አደረግሁ። አደር ጃማም የራሳቸውን ፓስወርድ መረጡ። ሾፌሮቹ ብቻ ሲቀሩኝ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ባየው፣ አናቱ ላይ የእኔ ስም፤ አድሚን፣ ሁሉን ከፋች ሁሉን ዘጊ። ከሥር አደር ጃማ። አፈርኩ። አባት የሚያክሉ ሰው እያሉ እኔ ከላይ ልቀመጥ? እሳቸውን አድሚን አደረግሁና ራሴን «ተመልካች» ወደሚለው አወረድሁ።

ከዚያ ወደ ሾፌሮቹ ብመለስ፦ «ፈቃድ የለዎትም።»

ሙአዚኑ በድምጽ ማጉያው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አደር ጃማ ወዳሉበት ሱቅ ሮጥኩ።

«አደር፣ ራሴን ውጭ ቆለፍኩ!»

«ማነው የሚከፍትልህ?»

«እርስዎ ብቻ።»

ሆዳን በሳቅ ሞተች። «በር ሠሪው ደጅ አደረ በሉኛ!»

አደር ጃማ መነጽራቸውን አድርገው ዳሽቦርዱ ውስጥ ገቡ። ጣታቸውን ስሜ ላይ አንጠልጥለው ልክ እንደዚያ ፖሊስ አዩኝ።

«ማነህ?»

«ገጣሚ።»

«እስቲ ልስማ።»

አዛኑ ጀመረ። አፌ ያመጣውን ለቀቅሁት፦

«በር ሠሪው ለክብር፣ ጎንበስ ቢል ከደጅ፣
በሩ ተዘጋበት፣ በገዛ ራሱ እጅ።»

«በሶማሊኛ ብትገጥመው፣ በየስንኙ አንድ ፊደል ስላልደጋገምክ ትባረር ነበር» አሉ እየሳቁ። «ሁለተኛ በማሽን እንዳታከብረኝ!» ስሜን ተጫኑና ፈቃዴን መለሱልኝ። አዛኑ ሳያበቃ ሾፌሮቹን ጨረስኩ።

ከሶላት በኋላ እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ሥራ ያዝኩ! ማን የት እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ!»

«አልሐምዱሊላህ። የቤቱን ቁልፍ ግን ይዘህብን ሄድክ።»

«አስቀይሩት እንጂ እማዬ፣ ሰው ቢያገኘውስ?»

«እህትህም እንደዚያው ትላለች። እምቢ አልኳት። ስትመጣ በምን ልትገባ ነው? መቼ ነው ታዲያ የምትመጣው?»

«ኢንሻአላህ» አልኳት። እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨብጧል።