ሞተሩ እሑድ ለምን ይግላል?

ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሞተር እየፈታ፣ ሽቦውን እንደገና እየጠመጠመ ቤቱን አስተዳድሯል። ሙያው ለልመና ሰው ፊት አቁሞት አያውቅም። ችግሩ ፈጠራ የሚባል ልክፍት ያለበት መሆኑ ነው። የመጨረሻው ልክፍቱ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ሞተር ላይ እንደ አንገት ልብስ የሚጠለቅ፣ ዙሪያውን የቆርቆሮ ክንፍ ያለው ቀለበት። ክንፎቹ የሞተሩን ሙቀት ስበው አየር ላይ ይበትናሉ አለ። ጎረቤቶች "ፕሮፌሰር" እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ግን ኮራ ብሎ አቤት ይላል።

ፈጠራው በስሙ እንዲመዘገብለት ለፓተንት ሲያመለክት መሥሪያ ቤቱ የዘጠና ቀን ውጤት ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ጓሮ በር ላይ ማቀዝቀዣውን የለበሰ አንድ ሞተር ሲያጓራ ይውላል። ባል ፊት ለፊት ካለው ሱቁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። አርባ አራት ዲግሪ። አርባ ሦስት። ያለ ማቀዝቀዣው ሰባ ይደርስ የነበረ ሞተር ነው።

እሑድ እሑድ ብቻ ስልሳ ስምንት ይሆናል።

"እሑድ ፋብሪካ ስለሚዘጋ መብራቱ ኃይል ጨምሮ ነው" አላት ሚስቱን። በሳምንቱ ደግሞ የአየር ግፊት ነው አለ። ስድስት ገጽ ስሌት ሠራበት።

"እሱም እንደ ሰው ዕረፍት አምሮት ይሆናል" አለችው።

"ቀልጂ አንቺ። ከመሥሪያ ቤቱ የምትላከው መርማሪ ስትመጣ ምን ልበላት?"

እሷ ሞተሩን የወደደችው ለሌላ ጉዳይ ነው። ጓሮው ፀሐይ አያገኝም፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ይሰነብትና ይሸታል። የቆርቆሮ ክንፎቹ ግን ለብ ያሉ ናቸው፣ ካልሲ ለማስጣት የተሠሩ ይመስላሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ባሏ ሊደርስ ሲል ትሰበስባለች። የምርምር ዕቃዬን ገመድ አደረግሽው ብሎ ሲነጫነጭ መስማት አትፈልግም። እሑድ እጇን ታሳርፋለች።

መርማሪዋ ማክሰኞ መጣች። ለግላጋ ወጣት ናት፤ የራሷን መለኪያ ይዛለች። ሞተሩ አጠገብ ወንበር ስባ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልሳ ስምንት አነበበች።

"ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው" አለ ባል፣ መለኪያው ቀኑን የተሳሳተ ይመስል።

"ጋሼ፣ ደብተርዎ ማክሰኞ አርባ አራት ነው የሚለው። ቁጥሩን ከየት አመጡት?"

"ለክቼ ነዋ።"

"ውጤት ፈጥሮ የጻፈ ሰው ሁለተኛ ማመልከት አይችልም። መዝገቡን እንዲህ ብዬ ልዝጋው?"

ሚስት ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠላት። ዝም ብትል ባሏ አጭበርባሪ ተብሎ ሊቀር ነው። ብትናገር ደግሞ የዘጠና ቀን ልፋቱ በእሷ ካልሲ ምክንያት ገደል ሊገባ ነው። ባሏ ደነዝ እንጂ ውሸታም አይደለም።

"ልጄ" አለች፣ "ዛሬ እንግዳ አለ ብዬ ልብስ አላጠብኩም።"

መርማሪዋ አልገባትም። ሚስት በጣቷ አሳየቻት፤ ካልሲ እዚህ፣ ፎጣ እዚያ፣ የውስጥ ልብስ ከኋላ፣ ሰው እንዳያየው።

"እርጥቡን?"

"ከደረቀማ ለምን አሰጣዋለሁ?"

"ኤሌክትሪክ ላይ! ነዝሮዎት አያውቅም?"

"ሁለቴ። የባሌ እንጀራ ነው ብዬ ተውኩት።"

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል አለቻቸው፤ ማቀዝቀዣው ብቻውን ያወረደው ሁለት ዲግሪ ነው። "ቁጥሩ ሐሰት እንዳልሆነ እጽፋለሁ። ፓተንት ግን አይሰጠውም።"

"እርጥብ ልብሱስ?" አለ ባል፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።

"ጋሼ፣ እርጥብ ነገር እንደሚያቀዘቅዝ እኮ ዓለም ያውቀዋል።"

መርማሪዋ ከሄደች በኋላ ሚስት ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ደብተሩን ያገላብጣል።

"አንድ ቅዳሜ እስከ አርባ አንድ ወርዷል።"

"ብርድ ልብስ ያጠብኩ ለታ ነው።"

የስሌቱን ስድስት ገጽ ቀደደና እፎይ አለ፣ እሾህ እንደ ነቀሉለት ሰው። "የእሑዱ ነገር እኮ ሊያሳብደኝ ነበር" አላት። ሞተሩን እየዞረ አየው፤ ክንፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። እሷ ይህን አዟዟር ሃያ ሁለት ዓመት ታውቀዋለች።

"ለመሆኑ" አለ፣ "ካልሲ በስንት ሰዓት ይደርቃል?"

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። አላውቅም ብትለው ሌላ ዘጠና ቀን መለካቱ አይቀርም።

"በሁለት ሰዓት" አለችው። "ወፍራሙ በሦስት።"